ፈለቀች ጎላው ፊት የቆመች ዕለት

ፈለቀች አቃቂ ተወልዳ፣ አቃቂ አግብታ፣ እዚያው አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። «ያረጀች» ማለቴን ብትሰማ ትቀየመኛለች፤ ገና አምሳ አልሞላትም። ባለሙያ ናት፤ ቤቷ ገብቶ የበላ ሁሉ ይመሰክራል። ሰው ፊት ሲሆን ግን ያ ሁሉ ሙያ ይጠፋባታል። የሰፈሩ የሴቶች ዕድር ውስጥ ስትኖር ሽንኩርት ከመክተፍ አልፋ አታውቅም። ሰርግም ይሁን ተዝካር ቢላዋዋን ይዛ ትመጣለች፣ ከዳሲቱ ጎን ትቀመጣለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ስትከትፍ ትውላለች።

ዳሲቱ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል። ለባሏ ያልነገረችውን ለዳሲቱ ነግራታለች፤ አንድ ቀን የዕድሩን ጎላ፣ ያን ትልቁን ድስት፣ ይዛ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ወጥ መሥራት እንደምትመኝ፣ ግን ነገሩን ስታስበው እንደምትፈራ ጭምር። ዳሲቱ ሁልጊዜ በፍቅር ነበር የምትመልስላት።

«ተይው የኔ እህት። ቢበላሽብሽ እኮ የሰፈር መሳቂያ ነው የምትሆኚው። ለአንቺ አስቤ ነው።»

ፈለቀች ይህን ስትሰማ ትጽናና ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ እንዲህ ያለው ማጽናናት ከስድብ ይብሳል።

ጎላውን ይይዙ የነበሩት የዕድሩ ሰብሳቢ እትዬ ፍቅርተማርያም ናቸው። ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ አለ። የጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ የአቶ ዱጉማ አርባ ሲቃረብ ሴቶቹን ሰበሰቡና «የምስር ወጡን ማን ይያዝልኝ?» አሉ። ዳሲቱ የፈለቀችን ክንድ ቆንጠጥ አደረገች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ፈለቀች ግን ከየት እንደመጣ በማታውቀው ድፍረት አፏን ከፈተች።

«እኔ ልሞክር፣ እትዬ።»

«እኔም አንቺን ስጠብቅ ነበር» አሉ እትዬ ፍቅርተማርያም።

ጾመ ነቢያት ገብቷል። በጾም ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ አፏ ምንም አታስገባም። ሽታውንና መልኩን አይታ ነው የምታደርሰው። ስለዚህ ዕድሩ የቆየ ደንብ አለው፤ ጨው የሚጨምረው ጎላውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሌላ እጅ ከገባበት የሚታወቀው እንግዳው ከጎረሰ በኋላ ነው።

የተዝካሩ ዕለት ባጃጅ እንጨቱን አራግፎ ሳይሄድ ፈለቀች ከሟቹ ግቢ ደርሳለች። ሽንኩርቱን ስታቁላላ እንዳያርባት እየፈራች ደጋግማ አማሰለችው። በርበሬው ገብቶ ግቢውን ሲያውደው ፍርሃቷን ረሳችው። ክኩን ጨመረች፣ ጨዉን በራሷ እጅ ለክታ ጨመረች፣ እሳቱን ቀነሰችና እንጀራው መድረሱን ልታይ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ እትዬ ፍቅርተማርያም ከበርጩማቸው ሆነው «ሽታውስ አምሯል» አሏት። ፈለቀች ደስ ብሏት የምትይዘውን አጣች።

ደስታው ብዙም ሳይቆይ የለመደችው ጥርጣሬ መጣ። ኩሩ ባለሙያ ብትሆን ኖሮ ዝም ብላ ታቀርበው ነበር። እሷ ግን ሳህን ልታግዝ የመጣችውን ሸምሲያን፣ የባለሱቁን የሀይረዲንን ሚስት፣ ጠራቻት። ሸምሲያ ሙስሊም ናት፣ ጾሙ አይመለከታትም።

«እስኪ ቅመሽልኝ፣ አላስችል ብሎኛል።»

ሸምሲያ ከጭልፋው ጫፍ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ጨው በዝቶበታል ፈለቁ፣ አይበላም። ለምን ሁለቴ አስጨመርሽው?»

«ማን ጨመረ?»

«ጓዳ ስትገቢ ዳሲቱ ጨመረች። ፈለቀች አዝዛኝ ነው አለችኝ።»

ፈለቀች ጭልፋውን ተቀበለቻት። ወደ ከታፊዎቹ ዞረች። ዳሲቱ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው አቀረቀረች። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ የወደቀ ሰው ግን መነሻ ጊዜ ያገኛል፣ ፈለቀች እሱም አልነበራትም። ቅዳሴው ሊወጣ ነው። ከጎላው ግማሹን ቀነሰች፣ ጨው ያልነካው ክክ በሌላ ድስት ቀቅላ ደባለቀች፣ ሸምሲያ እየቀመሰች እሷ አማሰለች። እንባዋ ሲወርድ ያዩት ጭሱ ነው ብለው አለፉ። ከጨዉ ይልቅ ያቃጠላት ሌላ ነው። አብሮኝ የተወለደ ነው ስትለው የኖረችውን ፍርሃት፣ በየጊዜው እየጠቀለለች ያጎረሰቻት ዳሲቱ ነበረች። እሷ ደግሞ በየጊዜው አመስግና ውጣዋለች።

እንግዳው መጣ፣ በላ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ወጡ ቀጠን ብሏል ያለ አልጠፋም፤ ጎላው ውስጥ ግን የተረፈ አልነበረም። እትዬ ፍቅርተማርያም «ለሚቀጥለውም አንቺው ነሽ» ብለዋት ወጡ።

ግቢው ጭር ሲል ፈለቀች ጎላውን ስታጥብ ዳሲቱ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ፈለቁ። አንቺ እዚያ ስትቆሚ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ፈለቀች አዘነችላት፤ ማዘኗ ደግሞ ራሷን አናደዳት። «ይሄንኑ ብትነግሪኝ ኖሮ አጠገቤ አስቀምጥሽ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ በጾም ቂም አልይዝም» አለች ፈለቀች ቀና ሳትል። «ከዛሬ ወዲያ ግን የሚያስፈራኝን ነገር ለአንቺ አልነግርም።»