ያልቀጠነው ኮንክሪት

«አይቅጠን! አይቅጠን ብያለሁ!» እያለ ሲጮህ ስለሚውል ነው የኮንክሪት ሠራተኞች አለቃቸውን «ጋሽ አይቅጠን» ያሉት። ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን ምሰሶና ጣሪያ ሲሞላ ውሃ የበዛበትን ኮንክሪት አሳልፎ አያውቅም። ቢለምኑትም ቢቆጡትም መኪናውን ከነጭነቱ ይመልሰዋል።

እዚህ ረግረግ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ሕንጻው የሚቆመው ጭቃው ውስጥ ጠልቀው በሚሞሉ ምሰሶዎች ላይ ነው። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶታል፤ ኮንክሪቱ በረጅም ቧንቧ እስከ ታች ይወርዳል። ለዚህ መሐንዲሷ ቀጠን ያለ፣ ቶሎ የማይደርቅ ኮንክሪት መርጣ ነበር። እሷ ባልነበረችበት ቀን ታዲያ ጋሽ አይቅጠን «ይቺ ልጅ ሾርባ ልታጠጣን ነው እንዴ!» አለና ወፈር ያለውን አስመጣ።

በኋላ የምሰሶው ዙሪያ ተቆፍሮ ሲታይ፣ ወይ ጉድ! የውስጡ ብረት እርቃኑን ቀርቷል፤ በየመሃሉ ጭቃ ተሰንቅሮበታል።

«ወፍራም እኮ ጠንካራ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል።

መሐንዲሷ አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ጋሼ፣ ላይ ለሚሠራው እውነትዎን ነው፤ በቫይብሬተር እየነዘርን እናስተኛዋለን። እዚያ ታች ግን ማን ይገባል? ራሱ ፈሶ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ ካላስወጣው ያው እንዳዩት ነው የሚሆነው። ግድ የለም፣ ይኼን እንተወውና ሌላ እንቆፍራለን። እንኳን ምንም ሳይቆምበት አየነው።»

ይኼን ሲሰማ ዞሮ ማዶ አየ። ከመንገዱ ማዶ፣ እዚሁ ረግረግ ላይ፣ ሰው የሚኖርበት ፎቅ አለ። የዚያንም መሠረት የሞላው እሱ ነው፤ በዚሁ ወፍራም ኮንክሪት፣ በዚሁ ጩኸት። ያኔ ቆፍሮ ያየ የለም። ሴት ልጁን ከነባሏ እዚያ ቤት ያስገዛትም እሱ ራሱ ነው፣ «የአባትሽ እጅ ያረፈበት ነው፣ ተኝተሽ እደሪ» ብሎ።

ለመሐንዲሷ ነገራት። ቀና ብላ ፎቁን አየችው።

«እዚያማ ሕንጻ ቆሞበታል፣ ጋሼ።»

በጭቃ ጫማው ልጁ ቤት ሄደ። ምንም ሳይደብቅ ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ «አንተ ደግሞ ስታረጅ ፈሪ ሆንክ?» አለችው። ፊቱን ስታይ ሳቋን አቆመች። እጁን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችውና ቁም ሳጥኑን ገፋ አደረገችው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል።

«ደጋግመን አስለሰንነው፤ ተመልሶ ይከፈታል። እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልነገርንህ።»

«ውጡ! ዛሬውኑ ውጡልኝ፣ ልጄ!»

«የት እንሂድ፣ አባዬ? ያለን የሌለን እዚህ ነው ያለቀው። ይኼን አይቶስ ማን ይገዛናል?»

«እኔ ጋ ኑ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። እሱና ሚስቱ የሚኖሩት ባንዲት ክፍል ነው፤ ልጁም ታውቃለች።

«በል ናና አግዘኝ፣ አባዬ» አለችው።

ሁለቱም ትከሻቸውን ደገፍ አድርገው ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሱት።