የጋሽ ብሩ መስኮት

የድኝ ቅባት ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ጋሽ ብሩ ደሴ ላይ ፋርማሲን ያስተማሩን ያንን ቅባት በእጃቸው እየለወሱ ነበር። ዛሬ ሸብተው፣ በየታማሚው አልጋ እየዞሩ ወጣት ፋርማሲስቶችን ያሠለጥናሉ። ልማዳቸው ግን ያው ነው፤ ሠልጣኝ ታማሚ ሲያነጋግር የክፍሉ መስኮት ሥር ቆመው ያዳምጣሉ፤ ብቻውን ይሠራል ብለው ያመኑበት ቀን ትተውት ይወጣሉ። ሠልጣኟ ኢስራም ያን ቀን ስትናፍቅ ከረመች።

በረመዳን አንዲት የስኳር ታማሚ እናት ስኳራቸው ወርዶ፣ ራሳቸውን ስተው ከደጋን ከተማ ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ሲነቁ ኢስራ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጋሽ ብሩም እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«እናቴ፣ እየጾሙ ነው? ክኒኑን መቼ ዋጡት?»

«የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ በሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ! ለቀኑ ስንቅ ይሁነኝ ብዬ።»

«ስንቅዎን የበላው እሱ ነዋ! መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር እስክናስተካክል ጾሙ ይቆይዎት፤ ለታመመ አላህ ፈቅዷል።»

«ጎረቤትስ ምን ይለኛል?»

«ጎረቤት ስኳርዎን አይለካልዎ!»

እናትየው ሳቁ። «ወላሂ እውነትሽን ነው፤ ያፈረስኩትን ጾም ኋላ እከፍላለሁ።»

ኢስራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ብሩ ትተዋት ወጥተዋል።