የአሸተን አስራ ሁለት እርምጃ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» ስትለኝ «እንግዳ አለኝ» ብዬ ወጣሁ። እንግዳው እኔው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሊበላ ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሰርቻለሁ። ስለ አሸተን ማርያም ጠይቁኝ... እንዴት ከአለት እንደተፈለፈለች፣ በሯ ወዴት እንደሚያይ፣ ሁሉንም እነግራችኋለሁ። ግን ገብቼ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ገደል ዳር አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። በቀኝ የአለት ግድግዳ፣ በግራ... ምንም። እንግዶቼ ሲሻገሩ ቆጥሬያለሁ፣ አስራ ሁለት እርምጃ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን አዝለው እያወሩ ያልፏታል። እኔ ግን ገና ሳያት እቆማለሁ። ለእንግዶቼ «እኔ በቅሎዎቹን ልጠብቅ፣ እናንተ ግቡ» እላለሁ። በቅሎ ባልያዝን ቀን ደግሞ ጫማዬ ይነክሰኛል።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም፣ ልጄ ማርታ ባትኖር። ስምንት ዓመቷ ነው። አሸተን ውሰደኝ ስትለኝ መጀመሪያ ለመስቀል አልኳት፣ ከዚያ ለገና፣ ከዚያ ለፋሲካ። አንድ ቀን አስተማሪዋ «አሸተን የወጣችሁ እጅ አውጡ» ሲሉ እሷ ብቻ ሳታወጣ ቀረች። የማን ልጅ? የአስጎብኚው። ከዚያ ወዲህ መጠየቋን ተወች። መጠየቋን ስትተው ነው የከፋኝ።

እናም እቅድ አወጣሁ። በአንድ የድሮ ብሮሹር ጀርባ ላይ አራት ቅዳሜ ጻፍኩ። በመጀመሪያው መንገድ ላይ እስካለው ሜዳ፣ በሁለተኛው እስከ ጠባቧ መንገድ፣ በሦስተኛው እስከ ግማሿ፣ በአራተኛው ቤተ ክርስቲያኗ። ባለቤቴ እንዳታየው ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከኮቶቼ ኋላ ለጠፍኩት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለቅሶ ነበረብኝ። ሁለተኛው ዘነበ። በሦስተኛው ምክንያት እንኳ አልፈለግኩም፣ ተኛሁ። ያለፈው ቅዳሜ አራተኛው ነበር።

ወጣሁ... ደረስኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በሁለት እጄ አለቱን ይዤ፣ ወደ ጎን መሄድ ጀመርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት። አምስተኛው ላይ እግሬ እምቢ አለ። ልመለስ ብል መመለሱም እምቢ አለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ እንዳልጠርገው እጄ አይለቅም። ማርታን አሰብኩ፣ ባሰብኝ።

ከወዲያ በኩል የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። ቋ... ቋ... ቋ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። በዓይኔ ጥግ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

ዝም ማለት አይቻልም። «ይፍቱኝ አባ» አልኩ፣ ለአለቱ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ፊትህን አዙር እንጂ ልጄ፣ ግድግዳውን ነው እንዴ የምትሳለም?»

መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የተዘረጋ መስቀል እምቢ አይባልም። ኮፍያ አድርጎም አይሳለሙም። አንድ እጄን ለቅቄ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ላብ ነው መሰለኝ፣ ከጣቴ አመለጠኝ። ሲወርድ አየሁት... ድምፅ ግን አልሰማሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ። ግንባሬንም አፌንም አሳለሙኝ።

ቀጥሎ ማለፍ አለባቸው። መንገዷ ለሁለት ሰው በጭንቅ ነው የምትበቃው። እኛ አገር ደግሞ ሽማግሌን በገደል በኩል አያሳልፉም፣ ግድግዳው የታላቅ ነው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ አብሮኝ ያደገ ነው። ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጥቼ «በዚህ ይለፉ አባ» አልኩ።

ትከሻዬን ይዘው በግድግዳው በኩል አለፉ። አጥብቀው ነበር የያዙኝ፣ እርጅና ነው ብዬ አሰብኩ።

ካለፉ በኋላ ነው የት እንደቆምኩ የገባኝ። ገደሉ ጫፍ ላይ... እጄ ባዶ።

«ተባረክ» አሉኝ ከኋላዬ። «ግድግዳውን ባትለቅልኝ አላልፍም ነበር። እኔ እኮ ይቺን ቦታ እፈራለሁ።»

«እርስዎ?! ስንት ዓመት አገለገሉ አባ?»

«ሠላሳ አልፎኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማዶ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቅ። ሰው ሲመጣ ሳይ ነው እግሬ የሚላወስ። ዛሬም ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ተቀምጬ፣ ብቅ ስትል አይቼ ተነሳሁ።»

በእኔ ተማምነው ነበር የተነሱት... በእኔ፣ ግድግዳ አቅፌ በቆምኩት ሰውዬ። ሳቄ መጣ። እየሳቅኩ የቀሩትን ስምንት እርምጃዎች ተራመድኩ። ግድግዳውን አልነካሁም ብል ውሸት ነው፣ ግን ፊቴ ወደ ፊት ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። አለቀስኩም። ያየሁት ለዘጠኝ ዓመት ሳወራው የኖርኩትን ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። በሯ እኔ ወዳልኩት አቅጣጫ አያይም። የጎበኛችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስመለስ ደግሞ ማዶ፣ አባ በተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አናቴን አየችኝ። «ኮፍያህስ?»

«እንግዳው ወሰደው።»

«ቁም ሳጥኑ በር ላይ የተለጠፈው እንግዳ?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ለካ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አይታዋለች። አሮጌውን እቅድ ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ፣ አሁን ኮቶቹ ኋላ አልደበቅኩትም። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቅዳሜ፣ ከማርታ ጋር፣ ግድግዳው የእሷ።»