ቀለሙ ያልተላጠ ብየዳ

ባለፈው ሳምንት ለሱቄ በር ያዘዝኩበት ብየዳ ቤት ጎራ አልኩ። ወጣቱ በያጅ የበየደውን የእኔን በር በግራይንደር አለስልሶ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። የቀለሙ ሽታ ደጃፉ ላይ አቆመኝ። በሶዶ ከዚያ የባሰ ሽታ ሞልቷል፤ ማቴዎስ ትዝ ብሎኝ ነው።

ማቴዎስ የወጣትነት ሸሪኬ ነበር። ተበላ ከምትባለው ከተማ ገበያ ቅቤ ገዝተን ሶዶ እንሸጣለን። ቅቤ ነጋዴ ፊት አያምንም፤ ከላይ ያማረውን ጥቅል ስንጥር ሰዶ ከሆዱ ያሸታል። ድንች የተደበቀበት ሲገኝ ማቴዎስ «እማማ፣ ይሄ ለማንጠር ነው ለመቀቀል?» ይላል። ሻጯም ትስቃለች፣ እኛም እናልፋለን።

የፈረስ ጋሪ ስናሠራ ግን ስንጥር የሚገባበት አልነበረም። ጋሪውን የሠራልን በያጅ ስሱን ላሜራ እንዳይበሳበት የማሽኑን እሳት ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ወፍራሙን የጎማ መያዣ ብረትም በዚያው እሳት በየደው። ቅልጡ ከብረቱ ሳይዋሃድ በቀዝቃዛ ቂጣ ላይ እንደተጣለ ቅቤ ላዩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ሞረደው፣ ቀባው።

«ይሄ ይይዛል?» አለ ማቴዎስ።

«ወንድሜ፣ ዳስሰው።»

ዳሰሰው። ለስላሳ ነበር።

በልግ ገብቶ መንገዱ ጨቅይቷል። ማቴዎስ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጠ ከተበላ ወደ ሶዶ ዳገቱን ስንወጣ ጎማው ጉድጓድ መታ። መያዣው ተገነጠለ፤ ጋሪው ከነጭነቱ ማቴዎስ እግር ላይ ተገለበጠ። እሱ ይጮሃል፣ ውሾች ከጭቃው ቅቤ ይልሳሉ።

የማቴዎስ እግር ሐኪም ቤት ታክሞም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ገበያ ለገበያ መዞር ቀረበት፤ ሽርክናችንም አበቃ። የተገነጠለውን ብረት ይዤ በያጁ ዘንድ ሄድኩ። ብየዳው የነበረበት ቦታ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ እሳት አልነካውም። ሰውየው አገላብጦ አየውና «ከልክ በላይ ጭናችሁ ነው፤ ቀለሙ እኮ አልተላጠም» አለኝ።

ማቴዎስ አሁንም ያነክሳል። ያ በያጅ ደግሞ በሰላም አርጅቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ይቀመጣል።

ይሄን አስቤ በሬን የሚቀባውን ወጣት መዶሻ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ቀለሙ አልደረቀም፣ ይበላሻል።»

በሩን ማጠፊያው ላይ መታሁት። ማጠፊያው ወልቆ እግሬ ሥር ወደቀ። አንስቼ ጀርባውን አየሁት፤ ብረቱ እሳት አልቀመሰም። ቀለሙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል።