ኅዳር ላይ ወንበዴው የት ይሄዳል?

ክረምት በገባ ቁጥር እኛ የምንኖርበት የሆጤ ሰፈር «የወንበዴ ሰፈር» ይባል ነበር። ስድቡ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። እርግጥ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዱላ ይመዘዛል፣ ሰው ይፈነከታል፣ ይዘረፋል። ኅዳር ላይ ግን እነዚያው ልጆች ሰኞ ገበያ እህል ሲሸከሙ ውለው እየተሳሳቁ ይገቡ ነበር። ክረምት ከገጠር እህል አይመጣም፤ ግንበኛውም ሥራ ያቆማል። ለአንድ ኩንታል አሥር ትከሻ ይቀርባል። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል፤ ሹመት አያስፈልግም።

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ሐምሌ፣ ታላቅ ወንድሜ በእንዲህ ያለ የሸክም ሽሚያ አብሮ አደጉን፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ በዱላ ፈነከተው። ቀበሌው አሰረውና ወደ ጦር ግንባር ሊላክ ነው ተባለ። እናቴ እንደ አገራችን ወግ እኔንና ሽማግሌዎች ይዛ የተፈነከተው ልጅ ደጃፍ ላይ ቆመች። የቤቱ ባለቤት «ግቡ» ካላለ አይገባም። የልጁ እናት ዝናብ ላይ አቁመውን ዋሉ። በመጨረሻ ወጡና «ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» አሉ፤ ይቅር አሉን። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን «ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው» ብሎ ወንድሜን አልለቅም አለ።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ ሰፈራችን ወንበዴነት ሲደሰኩር እናቴ ተነሣች።

«ልጄ አጥፍቷል። ግን ኅዳር ላይ ወንበዴው የት ይሄዳል?»

«ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም! ለሐምሌም ሥራ ስጡት እንጂ ጠመንጃ አታሸክሙት!»

ከዚያ ያነሰ የተናገረ ሰው ወጥቶ ቀርቷል። ይሄኔ የተፈነከተው ልጅ እናት ከኋላ ተነሡ።

«የፈሰሰው የልጄ ደም ነው። እኔ አውፍ ካልኩ፣ ወላሂ፣ እናንተ የማን ከሳሽ ናችሁ?»

ሊቀመንበሩ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር አሰማ። የሁሉም እጅ ጋቢው ውስጥ ቀረ። ደግሞ ጮኸ። አሁንም አንድ እጅ አልወጣም። ፍርሃቱን ፊቱ ላይ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ወደ ጥበቃው ዞሮ «አምጣው» አለ።

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ የልጁ እናት እናቴን ቀደሙና በጥፊ አጮሉት። ከዚያ ክንዱን ይዘው፣ ጥበቃዎቹን በትከሻቸው እየገፉ፣ ወደ በሩ ጎተቱት።

«ና ውጣ! ያ ፍንክታም ልጄ አንተ ካልመጣህ እህል አልቀምስም ብሎኛል።»