አዲስ ነው ብዬ የሰጠኋት መርፌ

ይህን ጉዳይ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም ገድፌያለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እያልኩ ትንንሹን ብቻ ነው የማወራው። ትልቁን ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

እኔ የአስካለን ሕይወት ያተረፍኩ ሴት ተብዬ ስመሰገን ኖሬያለሁ። በሠርጓ ቀን በእንግዳ ሁሉ ፊት አቅፋኝ «ጥሩወርቅ ባትኖር ኖሮ እኔም አልኖርም ነበር!» ብላ አስጨብጭባልኛለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም፤ ሰውም አይጠይቅም። ባሏ ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር የበጉን ቅልጥም የሚያስቀምጠው ለእኔ ነው። እኔም እበላለሁ። እያፈርኩም ቢሆን አንድ ቀን ሳልበላ ቀርቼ አላውቅም።

አስካለን አደጋው ውስጥ የከተትኳት ግን እኔው ነኝ።

እኔ ከአረርቲ፣ እሷ ከለሚ መጥተን ደብረ ብርሃን አንድ ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጆች ነበርን። አንዲት ክፍል ተከራይተን በአንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን እንተኛለን። አስካለ ስትስቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ዞር ብሎ ያያል። ግን የተዘጋ በር አትችልም። የመጀመሪያ ባሏ ቆልፎባት ነበር የሚደበድባት። ሽንት ቤት እንኳ ስትገባ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እኔን ደጅ ላይ አቁማ፣ እንዳልሄድ ዘፈን ታዘፍነኛለች። እኔም የራሴ ጉድ ነበረኝ፤ እዚህ ላይ ባነሳው ግን ማመካኛ ይመስልብኛል፣ ይቅር።

አንድ የግሮሰሪው ደንበኛ በመርፌ የሚወሰድ ዕፅ አስለመደን። መጀመሪያ ላይ ያለፈውን ሁሉ ያስረሳን ነበር። ቆይቶ ግን የምንወጋው እንዳያመን ብቻ ሆነ። መድኃኒት ቤቶች ክንዳችንን ሲያዩ «መርፌ የለም» ይሉናል፤ ስለዚህ ሳምሶን የሚባል ባጃጅ ነጂ እየገዛ ያመጣልን ነበር።

አንድ ቀን ሁለት መርፌ አመጣ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ። እኔ የራሴን ጠዋት ተጠቅሜ ጣልኩት። ከሰዓት በኋላ አስካለ ሥራ ላይ እያለች እንደገና አመመኝ። የእሷን ከፈትኩና ተወጋሁበት። ከዚያ በውኃ አለቃልቄ ማሸጊያው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። አመሻሽ ላይ ስትመጣ «አዲሱ ይኸውልሽ» አልኳት።

አዲሱ! እኔ ነኝ ያልኩት። ምን ነበረበት «ተጠቅሜበታለሁ» ብላት? ትቆጣለች ብዬ ነው? ቢበዛ አንድ ሰዓት አኩርፋ በሁለተኛው ትስቅ ነበር። እኔ ግን ድርሻዋን ነካሁ ለማለት አፍሬ፣ እሷ እኔ በተወጋሁበት መርፌ ስትወጋ ቁጭ ብዬ አየሁ።

በማግስቱ ክንዴ አብጦ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር መሠረት ትባላለች። «ክንድሽን ብነካው ቅር ይልሻል?» አለችኝ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ ደም እንድመረመር ጠየቀችኝና እሺ አልኩ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ተገኘብኝ። ለእኔ ግን የታየችኝ አስካለ ብቻ ነበረች።

«አንቺ በተጠቀምሽበት መርፌ ሌላ ሰው ተወግቷል?» አለችኝ ሲስተር። «ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«ትናንት።»

«እንግዲያው ገና ጊዜ አለን። ቫይረሱ ሳይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ። ሦስት ቀን ካለፈ ግን አይሠራም።»

አስካለ የተዘጋ በር እንደማትችል ለሲስተር ነግሬ ወደ ቤት በረርኩ። አስካለ ክሊኒክ የሚለውን ቃል ስትሰማ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሄዳ ዘበኛ በሰው ፊት እየጎተተ አስወጥቷታል። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለተኛውን ውሸት ጨመርኩ። «ሳምሶን አሮጌ መርፌ እያሸገ ነው አሉ የሚሸጥልን!» አልኳት። አንዲት እውነት ግን ተናግሬያለሁ፤ «ይቺኛዋ ሲስተር በር አትዘጋም» ብያታለሁ። ያመጣቻትም ያቺው እውነት ናት።

ሲስተር በሩን ወለል አድርጋ ጠበቀችን። «የት ብትቀመጪ ይሻልሻል?» አለቻት። አስካለ ወንበሩን ጎትታ ደፍ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ አድርጋ ተቀመጠች። ሲስተርም ምንም ሳትል የራሷን ወንበር አንሥታ አጠገቧ ሄደች። የደብረ ብርሃንን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለቱም ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ በእኔ ነጠላ ተጠቅልለው ያወራሉ።

«ደም ልውሰድ ወይስ ትንሽ እንቆይ?»

«ኧረ ብርዱ ሳይገድለን ቶሎ ውሰጂው!» አለችና አስካለ ሳቀች። ሲስተርም ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

መድኃኒቱን ወር ያህል ዋጠች። ኋላ ደጋግማ ስትመረመር ነፃ ናት ተባለ። እኔም የራሴን መድኃኒት ጀመርኩ፤ አሁን ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። ከዕፁ አንዴ ወጥተን፣ ተመልሰን ገብተን፣ እንደገና ወጣን። በገባንበት ጊዜም ሲስተር አዲስ መርፌ ትሰጠን ነበር እንጂ አልተቆጣችንም። ዛሬ እዚያው ክሊኒክ እንደ እኛ ያሉ ሴቶችን የምቀበለው እኔ ነኝ። የት መቀመጥ እንደሚፈልጉም እጠይቃለሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት አስካለ ሳምሶንን ስትረግም ኖረች። አንዴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ሳምሶን ባጃጁን አቁሞ እንድትሳፈር ቢለምናት እምቢ ብላ ጭቃውን ተያያዘችው። እኔስ? አብሬያት በጭቃው ሄድኩ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

በቅርቡ ሴት ልጅ ወለደች፤ የክርስትና እናቷም እንድሆን ጠየቀችኝ። እውነቱን ሳልናገር ይህን መቀበል ግን አልቻልኩም። ቤቷ ሄጄ፣ ሕፃኗን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ፣ «ሳምሶን አይደለም። በመርፌሽ የተወጋሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የሰጠሁሽ» አልኳት።

አስካለ ልጇን ከጭኔ ላይ አነሣችና ጓዳ ገባች። ልሂድ ብዬ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽኝ? ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እንዳትሞቺብኝ ነዋ።»

«ሳምሶንን ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ» አለች። ወደ በሩ ሸኘችኝና ፊቷን ሳታዞር ጨመረች፤ «ክርስትናው ቅዳሜ በማለዳ ነው። እንዳታረፍጂ።»

ሳምሶን ሰምቶኝ ሲያበቃ ጭንቅላቱን ያዘ። «ለካ ሴትዮዋ ባየችኝ ቁጥር የምትተፋው ለዚህ ነው! እኔኮ ጉንፋን ይዟት ይመስለኝ ነበር!» አለ። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ። ቢቀየመኝ ልክ ነው።

አስካለ ይቅር ብላኝ ይሆን? አልጠየቅኋትም። አፍሬ ነበር፣ አሞኝ ነበር ብዬም አላሳበብኩም፤ እያወቅኩ ያደረግሁት ነው። ቅዳሜ ግን ከካህናቱ ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። አስካለ መጣችና ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አጥብቀሽ ያዣት» አለችኝ።

አጥብቄ ያዝኳት።