ለራቱ ኔማኒ ተዝካር የተጠበቀው ባሕር

በደሴት መንደራችን በናሳውቫቱ ባላባት ሲሞት ባሕሩም ኀዘን ይቀመጣል። ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው፣ ውኃ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ ዓሣ በሚያስጠልለው የኮራል ድንጋይ ላይ መቶ ሌሊት ሙሉ መረብ አይጣልም፣ እግርም አይረግጠውም። በመቶ አንደኛው ቀን መንደሩ በሙሉ ገብቶ ያጠምዳል። በዚያ ዓሣ ተዝካሩ ይበላል፣ ኀዘንተኛ ጥቁሩን ያወልቃል፣ ሟችም ይሸኛል። ዓሣ ከታጣ አንድ ሰው ክልክሉን ጥሷል ማለት ነው። ይህን የሚጠራጠር በመካከላችን የለም።

«ራቱ» በሚል የባላባት ማዕረግ የምንጠራው ኔማኒ ሲያርፍ ባሕሩን የመጠበቅ ዕጣ ለታላቅ እህቱ ለታራይቪኒ ደረሰ። ታራይቪኒ አልወለደችም፤ ኔማኒን ግን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያ ተዝካር ለእሷ የልጇን እጅ ለመጨረሻ ጊዜ ይዛ የምትለቅበት ቀን ነበር። በየማለዳው የክልክሉ ምልክት ሆነው በባሕሩ ዳር የተተከሉትን እንጨቶች በለጋ የኮኮናት ቅጠል አስራ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታንጎራጉራለች፦

ወንድሜ ተኛልኝ ባሕርህ ታጥሯል፣
ዓሣው ላንተ ድግስ ሆድ ሆዱን ወፍሯል።

የአክስቷ ልጅ ሳሚሶኒ በጀልባው ባለፈ ቁጥር ይለክፋታል። በእኛ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ሲገናኙ ካልተዘላለፉ ተኳርፈዋል ይባላል።

«አንቺ አሮጊት፣ የምትጠብቂው ዓሣ ነው ወይስ ባል?»

«አንተን የመሰለ ባል እንዳይመጣብኝ ነው የምጠብቀው!»

«ብቻ ዓሣዎቹ ፊትሽን አይተው እንዳይሰደዱ!»

ዝናቡ ሲገባ ከበላያችን ባለው ተራራ ላይ ለእንግዶች ማረፊያ ቤቶች መንገድ ይቆፈር ጀመር። ማሽኖቹ የተራራውን ሆድ ቀደው አፈሩን ወደ ወንዙ ገፉት። ወንዙ ቀላ፣ ባሕሩም ቀላ። ድሮም ጎርፍ ያቀላዋል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ይጠራ ነበር። አሁን አልጠራም። በስልሳኛው ቀን ከውኃው የበሰበሰ ነገር ሽታ መጣ። ታራይቪኒም ለባላባቱ ቤት ቃል አቀባይ ወደሆኑት ሽማግሌ ወደ አፒሳሎሜ ሄደች።

«አባባ፣ ባሕሩ አላማረኝም። አንድ ሰው ገብቶ ይየው።»

«ምን አልሽ?»

«ማየት ብቻ፤ ምንም ሳይነካ።»

«ኀዘን ላይ ያለን ሰው ፊቱን ገልጠሽ ታዪዋለሽ? ስልሳ ቀን ታግሰሽ አሁን ልታፈርሺው? ተይ ልጄ።»

ተወችው። እኔም ብሆን እተወው ነበር።

በማግስቱ የኮኮናት ፍሬ ተሸክማ ተራራውን ወጣች። የመንገድ ቆፋሪዎቹ አለቃ ጨዋ ወጣት ነበር፤ ፍሬውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እማማ፣ እኛ እኮ ፈቃድ አለን። ደግሞ ባሕሩ እዚያ ታች ነው።»

«አፈሩ ይወርዳላ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ዝናቡን ምን ላድርገው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንዳይደክማት በመኪናው እስከ ቤቷ አደረሳት። ያን ዕለት ዜማዋ ተለወጠ፦

ከላይ የመጣውን ማንስ ይመልሳል፣
ታች የተወለደ ጎርፉን ይለብሳል።

መቶ አንደኛው ቀን ነጋ። ሴቶች መረብ ዘርግተን፣ ወንዶች ጦር ይዘው ገባን። ድሮ ድንጋይ ይቆረቁረው የነበረው እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብዬ አንድ የኮራል ቅርንጫፍ ብነካ ልጋግ ሆኖ በጣቶቼ መሀል ቀረ። እስከ እኩለ ቀን ያገኘነው ሁለት ቅርጫት የማይሞላ ጥቃቅን ዓሣ ነበር። ሳሚሶኒ ባዶ ጦሩን ትከሻው ላይ ጥሎ በታራይቪኒ ፊት አለፈ፤ እንደ ልማዱ አልለከፋትም።

አፒሳሎሜ አሸዋው ላይ ቆመው ጠየቁ፦ «ማነው የገባው?»

በየተራ እያዩን ቀጠሉ፦

«የጣሰው ካልተናገረ ክልክሉ አይነሣም። ተዝካሩ አይበላም፤ ራቱም አይሸኝም።»

«አባባ፣ ጭቃው አይታይዎትም?» አለ ሳሚሶኒ። «ከተራራው እኮ ነው!»

«ጭቃ ድሮም ይመጣል። ዓሣ የሚያርቀው የሰው እግር ነው።»

ሰው ለሰው ይተያይ ጀመር። እናት ልጇን አየች፤ አንዱ የጎረቤቱን ጀልባ ጠቆመ፣ ሌላው ስድብ መለሰ። ታራይቪኒ ወደ ቤት ገብታ በሟች ወንድሟ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ የነበረውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዛ ወጣች። ይቅርታ የሚጠየቀው በእሱ ነው። በጉልበቷ ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሸርጣን አምሮኝ በአርባኛው ቀን ገባሁ።»

አፒሳሎሜ ጥርሱን ሲቀበሉ አለቀሱ። ምሕረቱ በጭብጨባ ጸደቀ። ተዝካሩ ከሱቅ በመጣ የቆርቆሮ ዓሣና በጎደሬ ተበላ። ጥቁራችንን አወለቅን፤ ራቱ ኔማኒም ተሸኘ።

ሳሚሶኒ ከጓሮ አገኛት። «ለምን ዋሸሽ?»

«ታዲያ ኔማኒን መንገድ ላይ ላስቀረው?»

«ስምሽስ?»

ታራይቪኒ የጎደሬውን ልጣጭ ታነሣ ጀመር።

በሳምንቱ አፒሳሎሜ፣ ጥፋቱ ከታወቀ ዓሣው ይመለሳል ብለው ባሕሩን ሌላ መቶ ሌሊት ዘጉት። ታራይቪኒ ግን ከእንግዲህ ባሕሩ ዳር እንዳትደርስ ተከለከለች። ደጇ ላይ ቆማ ወንዶቹ አዲሱን እንጨት ሲተክሉ አየች። ድሮ በድንጋዩ መሀል ስንጥቅ ፈልገው፣ በመዶሻ ደብድበው ነበር የሚያስገቡት። አሁን አንዱ በአንድ እጁ ቢጫነው እንጨቱ እስከ እኩሌታው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

«ዛሬስ እንዴት ቀለለን!» አለ ሰውየው፣ ላብ እንኳ ሳይወጣው ወደ ሁለተኛው እንጨት እያለፈ።